ጎጆ የወጣው ማን ነው?

«ዣን ደ ፍሎሬት» የተባለውን የፈረንሳይ ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ጀብራ፣ በሆሻችን ውስጥ ነበር። ጊዜው ከኤፕሪል 2023ቱ ጦርነት ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ከሥር የሚያልፈውን የዐረብኛ ጽሑፍ ለጎረቤቶቼ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነበርሁ። ምንጩ ተደፍኖ የተሸሸገበት ትዕይንት ላይ ስንደርስ ቤቱ በቁጣ ተሞላ። አያስገርምም። ካርቱም ለመንገደኛ በየደጃፉ የውሃ ዚር የሚቀመጥባት ከተማ ናት፤ ከእንግዳ ውሃ የሚደብቅ ጎረቤት ለጀብራ ሰው ከነፍሰ ገዳይ አይሻልም። አንዲት ጎረቤታችን ግን ጀበናዋን ከከሰሉ ላይ አንሥታ፣ «ሚስቲቱስ ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። የምተረጉምላት አጣሁ። ሚስቲቱ ይህ ነው የሚባል ነገር አላለችም ነበር።

ፊልሙን ክሎድ ቤሪ በ1986 የሠራው ከማርሴል ፓኞል ልብ ወለድ ተነሥቶ ነው። ዣን የተባለው የከተማ ቀረጥ ሰብሳቢ ከእናቱ የወረሰውን የፕሮቫንስ ኮረብታማ እርሻ ሊያለማ ሚስቱን ኤሜንና ትንሿን ልጁን ማኖንን ይዞ ይሄዳል። ጥንቸል ያረባል፣ ዱባ ይተክላል፣ ሁሉንም በመጽሐፍ እየተመራ ያሰላል። መሬቱን የተመኙት ሴዛር ሱቤይራንና ኡጎሊን ግን የካርኔሽን አበባ ሊተክሉበት አስበው ምንጩን አስቀድመው ደፍነውታል። ዣን ውሃ ከሩቅ ሲያመላልስ ከርሞ፣ በመጨረሻ ጉድጓድ ሊቆፍር ባፈነዳው ድማሚት ሕይወቱ ያልፋል። የመንደሩ ሰው እንደ መጤ ያየው ይህ ሰው በእናቱ የዚያው መንደር ልጅ ነው።

የፊልሙን ውበት አልክድም። ድርቁ ጉሮሮ ውስጥ ይሰማል፤ የመንደሩ ዝምታም ከሲሚንቶው በላይ ምንጩን ይደፍነዋል። ቅሬታዬ ከኤሜ ላይ ነው። የሙዚቃ መድረክ ትታ የመጣች ዘፋኝ መሆኗ ይነገረናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ባሏ ሲያቅድ ታደምጣለች፣ ሲደክም ታዝናለች። ሚናውን የያዘችው ኤሊዛቤት ዴፓርዲዩ ጥፋት የለባትም፤ የተሰጣት ይኸው ብቻ ነው። በአማርኛችን «ጎጆ ወጡ» ስንል ግሡ የሁለት ሰው ነው። በዚህ ፊልም ግን ጎጆ የወጣው አንድ ሰው ነው፤ ሚስቲቱና ልጂቱ ተከትለውት ሄዱ። በሁለተኛው ክፍል ታሪኩ የማኖን ሲሆን እናቲቱ ጭራሽ ከዓይናችን ትርቃለች።

በዚያው ሰሞን የጠይብ ሳሊህን «የስደት ወቅት ወደ ሰሜን» እንደገና እያነበብሁ ስለነበር ሁለቱ ሥራዎች በአእምሮዬ ተጋጩ። በ1966 የወጣው ይህ የሱዳን ልብ ወለድ የፓኞልን ታሪክ ገልብጦ የያዘ ይመስላል። ሙስጠፋ ሰዒድ ለንደንን፣ ፍርድ ቤትንና እስር ቤትን አልፎ፣ ዘር ማንዘሩ ወደማይታወቅባት የዓባይ ዳር መንደር ይመጣል። መሬት ይገዛል፣ ቤት ይሠራል፣ የማሕሙድን ልጅ ሑስናን ያገባል፣ ሁለት ወንዶች ይወልዳሉ። መንደሩ ውሃ አልነፈገውም፤ ልጁን ድሮለት ከእርሻ ማኅበሩም ውስጥ አስገባው።

ለተርጓሚ እዚህ ላይ ችግር አለ። ዐረብኛው «ገሪብ» ሲል አማርኛው «እንግዳ» ይላልን? ወይስ «ባዕድ»? ወይስ ዛሬ ከአፍ የማይጠፋው «መጤ»? «እንግዳ» ቤት የሚከፈትለት ነው፤ «መጤ» በር የሚዘጋበት። ስለዚህ በረቂቄ ላይ ዣንን «መጤ»፣ ሙስጠፋን «እንግዳ» አልኋቸው። ያስቸገረችኝ ሑስና ናት።

ሙስጠፋ በዓባይ ሙላት ወቅት ከጠፋ በኋላ፣ በዕድሜ የገፋው ወድ ረይስ ሑስናን ካላገባሁ ይላል። አባቷና ወንድሞቿም ይስማማሉ። እርሷ ግን፣ ከተገደደች እርሱንም ራሷንም እንደምትገድል ለተራኪው አስቀድማ ትነግረዋለች። ከዚያም የሚያስደንቅ ነገር ታደርጋለች፤ ከተራኪው አባት ዘንድ ሄዳ ልጃቸው እንዲያገባት ትጠይቃለች፤ ለስም ብቻ፣ ከልጆቿ ጋር በሰላም እንድትተው። ስለ ራሷ ኑሮ ራሷ ያቀደችው ዕቅድ ይኸው ነው፤ ከዣን የጥንቸል ስሌት ይልቅ ቀላል፣ የሚሠራም። ተራኪው ግን በሥራው ሰበብ ካርቱም ነው፤ ቃልም አልሰጠ፣ እንቢም አላለ። ቢሮው ከኛ ሰፈር ምን ያህል ይርቅ ይሆን እያልሁ ሳስብ ሁልጊዜ እናደዳለሁ። ሑስና የዛተችውን ፈጸመች። እዚያው የተወለደችው ሴት የመንደሩ ባዕድ ሆና ተቀበረች፤ ለቅሶ እንኳ አልተፈቀደላትም።

ስለዚህ ጠይብ ሳሊህ በጥቂት ገጾች ለሑስና የሰጠው፣ ፓኞልና ቤሪ በሰዓታት ለኤሜ ካልሰጡት ይበልጣል እላለሁ። እንቢታዋ ታሪኩን ለሁለት ይከፍለዋል። ይሁንና ደራሲውን ከነቀፋ ነጻ አላወጣውም። ሙስጠፋና ሑስና ባልና ሚስት ሆነው አንድ ማዕድ ላይ ሲነጋገሩ የምናይበት ምዕራፍ የለም። ጥሩ ባልና አባት እንደነበር ከእርሷ እንሰማለን፤ ኑሯቸው ግን ተዘግቶብናል።

በእርግጥ መዘጋቱ ከቤቱ አሠራር ይጀምራል። ኤሜና ዣን የገቡበት እርሻ ላይ ምንጩን የሸሸጉባቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ አለማወቁ የሁለቱም ነው። ሙስጠፋ በሠራው ቤት ግን የብረት በር ያለው፣ ቁልፉ በእርሱ እጅ ብቻ የነበረ አንድ ክፍል አለ። ውስጡ የእንግሊዝ ምድጃና አንድም የዐረብኛ መጽሐፍ የማይገኝበት መደርደሪያ ሞልቶበታል። ከጠፋ በኋላ የክፍሉን ቁልፍ የተወለት ለተራኪው ነው። ሑስና በዚያ በር አጠገብ እያለፈች ስንት ዓመት ልጆቿን አሳደገች።