«አይዳ» እና የማስታወቂያ ሥዕልዋ

የቴአትር ማስታወቂያ ሥዕል መጋረጃው ሳይገለጥ ለተመልካች የሚነገር የመጀመሪያው ቃል ነው። መንገደኛው ቆሞ እንዲያይ፣ አይቶም እንዲመጣ የሚያደርገው ይኸው ሥዕል ስለ ሆነ፣ አሠራሩ እንደ ድርሰቱ ሁሉ ሊመረመር ይገባዋል።

በዚህ ረገድ እኛን ኢትዮጵያውያንን ከሁሉ ይልቅ የሚነካን «አይዳ» ነው። ጁዜፔ ቬርዲ ዜማውን የደረሰለት ይህ ኦፔራ፣ ይኸውም በዜማ የሚነገር ቴአትር፣ መጀመሪያ የታየው በ1871 (እ.ኤ.አ.) በካይሮ ነው። አይዳ በግብፅ ቤተ መንግሥት ማንነትዋን ሠውራ የምታገለግል ምርኮኛ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ የምትወደው ሰው ደግሞ አገርዋን የሚወጋው የግብፅ ጦር አዛዥ ነው። በአባትዋና በወዳጅዋ መካከል ተጨንቃ ኖራ፣ በመጨረሻ ከወዳጅዋ ጋር በመቃብር ውስጥ ትሞታለች።

ለዚህ ድርሰት ከተሠሩት የማስታወቂያ ሥዕሎች ብዙዎቹ ግን ፒራሚድንና የግብፅን ዓምዶች ያሳዩናል። አገሩ ይታያል፤ ጭንቀቱ አይታይም። የተሻለውን መንገድ አዶልፎ ሆሄንስታይን በ1899 (እ.ኤ.አ.) ለፑቺኒ «ቶስካ» በሠራው ሥዕል አሳይቶአል። ታሪኩ የሚፈጸመው በሮማ ሲሆን፣ እርሱ የከተማይቱን ግርማ ትቶ ቶስካን በገደለችው ሰው ሬሳ አጠገብ አቆማት። ሥዕሉን ያየ ሁሉ «ምን ደርሶባት ይሆን?» ሳይል አያልፍም።

እንግዲህ በዲላ የሚኖር አንድ ወጣት ሠዓሊ ለ«አይዳ» ሥዕል ሥራ ቢባል ምን ያደርጋል? ፒራሚዱን በቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ይለውጠው ይሆን? እኛ ይህን አንመክርም። እነዚያ ድንጋዮች የመቃብር ምልክቶች ናቸውና፣ ለማይመለከታቸው ታሪክ ጌጥ ቢሆኑ ያው የፒራሚዱ ስሕተት ተደገመ ማለት ነው። ደግሞም በድርሰቱ ኢትዮጵያ የተባለችው ከግብፅ በስተደቡብ ያለችው የጥንት አገር ናት እንጂ ጌዴኦ አይደለችም።

ነገር ግን ድርሰቱ ራሱ አንድ በር ከፍቶለታል። በሦስተኛው ክፍል አባትዋ አይዳን የሚያባብላት የአገርዋን ደን በማስታወስ ነው። የዲላ ልጅ የዛፍን ጥላ ያውቃል፤ ከላይ ረዣዥም ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱም ሥር ቡና የሚበቅልበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል። ስለዚህ የቅጠል ጥላ በምርኮኛይቱ ፊት ላይ ቢያርፍ፣ ዓይንዋም ወደ ኋላ ቢመለከት፣ ናፍቆትዋ ያለ ቃል ይነበባል። ሠዓሊው የጌዴኦን ካርታ አልሣለም፤ የሚያውቀውን ጥላ ለማያውቃት ሴት አዋሳት እንጂ።

ለፊደሉም ይታሰብ። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ዐቢይና ንኡስ የሚባል መልክ ስለሌለው፣ ርእሱ ከቀኑና ከሰዓቱ የሚለየው በመጠኑ፣ በቦታውና በቀለሙ ነው። ሁሉም ቢጮኽ የሚሰማ አይኖርም።

መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ቀለምና ብሩሽ ከመስጠታቸው በፊት ድርሰቱን እንዲያነቡላቸው አደራ እንላለን። የአይዳን ሐዘን ያልሰማ እጅ የሚሥለው ልብስዋን ብቻ ነውና።