«ይግባ» ወይስ «ይመለስ»?
በናይሮቢ ስለተጫወትናቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች የቀረበ ሂስ



በዚህች በእጅ በምትጻፍ ገጻችን ላይ እስከ ዛሬ ስለ ግጥም፣ ስለ አጭር ልቦለድና ስለ ተውኔት ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ እንጽፋለን። «ደግሞ የልጆች መጫወቻ ምን ሂስ አለው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ወጣቶቻችን መጽሐፍ ይዘው ከሚቆዩበት ሰዓት ይልቅ ስልክ ይዘው የሚጫወቱበት ሰዓት ይበልጣል፤ የሰውን ዕድሜ ይህን ያህል የሚወስድ ነገር ደግሞ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም። ጆተኒና ከረንቡላ በመጡ ጊዜ ታላላቆቻችን «ሥራ ፈት ያደርጋል» ብለው ተቆጡ፤ ነገር ግን ጨዋታው ራሱ ምን እንደሆነ ለመመርመር የደከመ ጥቂት ነው። ሌላው ዓለም ነገሩን ንቆ አልተወውም። በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የፖላንድ መንግሥት «ዚስ ዋር ኦፍ ማይን» የተባለውን፣ በተከበበች ከተማ ውስጥ ስለሚኖሩ ሲቪሎች የተሠራ ጨዋታ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የንባብ ዝርዝር ውስጥ እንደሚያስገባ አስታውቋል።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው አንድ ጉዞ ነው። ይህ ጸሐፊ ለሕክምና የጉዞ ፈቃድ አግኝቶ ከካኩማ ወደ ናይሮቢ ሄዶ፣ ሦስት ሳምንት በኢስሊ ከወዳጆቹ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ወዳጆቼ ሦስት ናቸው፤ ስማቸውን ትተን በሥራቸው እንጥራቸው። አንዱ ልብስ ሰፊ ነው። አንዷ ኮሌጅ የምትማር ወጣት ናት። ሦስተኛው በዕድሜ የሚበልጠን፣ ለብዙ ዓመታት በአስተርጓሚነት የሠራ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንለው ሰው ነው። ማታ ማታ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ወሬያችን ሁሉ «ሰሞኑን ምን ትጫወታላችሁ?» ሆነ። እነሆ የክርክራችን ፍሬ።

ልብስ ሰፊው ከእግር ኳስ ሌላ ጨዋታ አያውቅም። የእሱ ጨዋታ እስከ 2022 ድረስ ፊፋ በሚል ስም በየዓመቱ ይወጣ የነበረው፣ ከ2023 ጀምሮ ግን ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የተባለው ነው። ከሥራ ሲወጣ ከሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ይላል። ቤቱ ከሱቅ ጀርባ ያለ ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ሁለት ቴሌቪዥንና አንድ አግዳሚ ወንበር አለው። ሒሳቡ በግጥሚያ ነው፤ ሕጉ «ተሸናፊ ይነሣ» ነው። ሶማሌውም፣ ኬንያዊውም፣ የእኛም ልጅ በአንዱ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ተራውን ይጠብቃል። አንድ ማታ አብሬው ሄድኩና ሦስት ለባዶ ተሸንፌ ተነሣሁ።

ስንመለስ በመንገድ ላይ፣ «ለመሆኑ ምን ታገኝበታለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ቁልፉን ስጫነው ይመልስልኛል» አለኝ። «ማመልከቻ ካስገባሁ አራት ዓመት አለፈኝ። የት እንደደረሰ የሚነግረኝ የለም። ይሄ ግን ‹አይሆንም› ቢለኝም እንኳ ወዲያው ነው የሚለኝ።»

ይህ መልስ ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጨዋታ ሁሉ የመዘንኩበት ሚዛን ሆነ። ጽሑፍን ስንተች ስለ ይዘትና ስለ ቅርጽ እንናገራለን። በቪዲዮ ጨዋታ ዘንድ ሥዕሉ ልብስ ነው እንጂ ቅርጽ አይደለም። ቅርጹ፣ ጨዋታው እጅህን የሚያሠራህ ሥራና ለዚያ ሥራ የሚሰጥህ ምላሽ ነው። እንግዲህ ሐያሲ ሊጠይቅ የሚገባው «ሥዕሉ ያምራል ወይ?» ብቻ ሳይሆን፣ «እጄን ምን አስለመደው? ምንስ መለሰልኝ?» የሚለውን ጭምር ነው።

በዚህ ሚዛን እግር ኳሱ የሚናቅ አይደለም። መልስ ለተራበ ሰው መልስ ይሰጣል። «ወጣቱ ጊዜውን ገደለ» የሚሉ ታላላቆቻችን ይህን ረሃብ ቢያስተውሉት ተግሣጻቸው ይለዝብ ነበር። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህን ያህል የዓለም ክለቦች ተደርድረው ሳለ ቅዱስ ጊዮርጊስን ወይም ኢትዮጵያ ቡናን ብትፈልግ አታገኝም፤ ናይሮቢ ተቀምጠህ የናይሮቢውን ጎር ማሂያን እንኳ አታገኝም። ልጃችን ማሊያ የሚመርጠው ከማንቸስተርና ከማድሪድ ነው። ሁለተኛው ጉድለት ከጨዋታው ሳይሆን ከአግዳሚው ነው። በግጥሚያው ላይ ገንዘብ ማስያዝ የተጀመረ ዕለት፣ ያ ፈጣን መልስ የሰውን የቀን ሥራ ዋጋ በአሥር ደቂቃ ይበላዋል። ልብስ ሰፊውም ይህን አልካደም፤ ሁለት ጊዜ ደርሶበታልና።

ተማሪዋ የምትጫወተው በስልኳ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የሠራውን «ኩኩሉ» አሳየችን። አንዲት ዶሮ ሊያርዳት ከሚያሳድዳት ሰው ትሸሻለች፤ ተጫዋቹም መሰናክሉን እያሳለፈ ያስሮጣታል። ስሙ ገና ሲጠራ፣ ዓይናችንን ጨፍነን «ኩኩሉ!» ስንል «አልነጋም!» እያሉ የሚደበቁትን የልጅነት ጓደኞቻችንን ያስታውሰናል። ከሩቅ አገር የመጣ ጨዋታ ይህን ሊሰጠን አይችልም። ለበዓል የምትታረድ ዶሮ ስታመልጥ እየሣቀ የሚያስሮጣት ልጅም፣ ሳያውቀው ከዶሮዋ ወገን ይቆማል።

ከዶሮዋ ተነሥተን ስለ ሰው ሽሽት ማውራት ጀመርን። በካምፓችን ያሉ የደቡብ ሱዳን ጎረቤቶቻችን ሊኮሩበት የሚገባ አንድ ሰው አለ፤ ሉዋል ማየን ይባላል። ቤተሰቡ በሽሽት ላይ ሳለ ተወልዶ በሰሜን ኡጋንዳ የስደተኞች ካምፕ አደገ። እናቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ አጠራቅማ በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዛችለት። እሱም ላፕቶፑን ቻርጅ ለማድረግ ሦስት ሰዓት በእግሩ ይጓዝ ነበር። በዚህ ሁኔታ ጨዋታ መሥራትን ራሱን አስተማረ፤ በ2018ም አሜሪካ ውስጥ በጌም አዋርድስ ሥነ ሥርዓት ላይ ክብር ተሰጠው። «ሰላም» ብሎ በሰየመው ጨዋታ ተጫዋቹ ከጦርነት የሚሸሽ ስደተኛ ይሆናል። የሠሪው ሐሳብ፣ ተጫዋቹ ለሥዕሉ ስደተኛ ውኃና ምግብ ሲገዛ ገንዘቡ በካምፕ ላለ እውነተኛ ሰው እርዳታ ሆኖ እንዲደርስ ነው።

የሰውየው ጽናት ሁላችንንም አስደነቀን። ተማሪዋ ግን አንድ ነገር አለች፤ «ሐሳቡ መልካም ነው። ግን እኛን የሚስለን ሁሉ እየሮጥን ነው የሚስለን። እኔ የሮጥኩት ሦስት ቀን ነው። የቀረውን አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬ ነው።»

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ሩጫ ለቁልፍ ይመቻል፤ ዝለል፣ ታጠፍ፣ አምልጥ። መቀመጥ ግን በምን ቁልፍ ይሠራል?

ከዚህ በኋላ ነው ወደ አራተኛው ጨዋታ የደረስነው። ስሙ «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» ነው፤ «ወረቀትዎን፣ እባክዎ» ማለት ነው። ሉካስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ በ2013 ያወጣው ሲሆን፣ ከ2022 ጀምሮ በስልክም ይገኛል። ዘመኑ 1982 ነው፤ ከታላላቆቻችን ብዙዎቹ ከአገር የወጡበት ዘመን። አገሪቱ አርስቶትዝካ የምትባል፣ በካርታ ላይ የሌለች አገር ናት። በዚህ ጨዋታ ስደተኛ አትሆንም፤ አትሮጥምም። በጠባብ ኬላ ውስጥ ተቀምጠህ ፓስፖርት የምትመረምረው ሹም አንተ ነህ። ስሙን፣ ቀኑን፣ ፎቶግራፉን ታያለህ፤ ከዚያም ወይ አረንጓዴውን ማኅተም «ይግባ»፣ ወይ ቀዩን «ይመለስ» ትመታለህ። ደመወዝህ በራስ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ መፍጠን አለብህ። በየቀኑ አዲስ ደንብ ይጨመራል። በቀን ሁለት ስሕተት በማስጠንቀቂያ ይታለፍልሃል፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ይቆረጥብሃል። ማታ ከደመወዝህ ላይ ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሞቂያና መድኃኒት ትከፍላለህ። ካነሰህ ቤተሰብህ ይራባል፣ ይታመማል፣ ይሞታል።

ስልኩን ተቀብዬ ጀመርኩ። በአምስተኛው ቀን አንድ ሰው መጣ፤ ወረቀቱ ትክክል ነበርና አስገባሁት። ሲያልፍ፣ ከኋላው ያለችው ሚስቱ መሆኗን ነግሮ ቸርነት አድርግላት ብሎ ለመነኝ። ሴትዮዋ ቀረበች፤ የመግቢያ ፈቃድ የላትም። ሁለቱን ማስጠንቀቂያ አስቀድሜ ጨርሻለሁ። ልጄ (የጨዋታው ልጄ ማለቴ ነው) ታሟል። ቀዩን መታሁ። ሴትዮዋ ከሥዕሉ ወጣች፤ እኔም ቀጣዩን ጠራሁ።

ጋሼ ከጀርባዬ ቆሞ ያይ ነበር። «ስንት ሴኮንድ ፈጀብህ?» አለኝ።

አልመለስኩም።

«እኔ አስተርጉምለት የነበረው ሰው ክፉ አልነበረም» አለ ጋሼ። «በመሐል እቤቱ ደውሎ ልጆቹ መብላታቸውን ይጠይቃል። ስልኩን ይዘጋና ‹ቀጣይ› ይላል። እኔም በአማርኛ ‹ቀጣይ› እላለሁ። ለሕዝቡ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነበር።»

ተማሪዋ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎም ይሞክሩት» ብላ ስልኩን ብትሰጠው፣ «ይቅርብኝ ልጄ፤ በቂ ጊዜ ሠርቼዋለሁ» ብሎ ወደ መኝታው ሄደ።

ልብስ ሰፊው ግን ተቆጣ። «ይሄ ለሹሙ ጥብቅና መቆም ነው! ልጁ ታሞበት ነው፣ ኪራይ ደርሶበት ነው ተብሎ የእኔ አራት ዓመት ይማርለት?» አለ። ቁጣው ቁም ነገር ያለው ስለሆነ በቁም ነገር ልንመልስለት ይገባል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ጨዋታው ሹሙን ነጻ አያወጣውም። ሴትዮዋን ማስገባት ይቻል ነበር፤ ቁልፉ እዚያው ነበር። የምሕረቱ ዋጋ የአንድ ሰው ሒሳብ ብቻ እንደነበረም አውቅ ነበር። ጨዋታው 20 ልዩ ልዩ ፍጻሜ አለው፤ ስለዚህ «ሌላ መንገድ አልነበረኝም» ማለት አይቻልም። ሆኖም ወንበሩ እንዴት እንደተሰናዳ ያሳየናል። በራስ ቁጥር የሚከፈል ደመወዝ፣ በየቀኑ የሚለወጥ ደንብ፣ የሚሮጥ ሰዓት፣ በላይህ የተንጠለጠለ ቅጣት አለ። ከመስኮቱ ወዲህ ሆነን ስናይ ክፋት የሚመስለን ነገር፣ ከወዲያ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ጥድፊያ ነው። ይህን ማወቅ ይቅርታን አያስገድድም። ነገር ግን መስኮቱ ፊት ስንቆም የሰውየውን ፊት እያነበብን ከመጨነቅ ይልቅ ስለ ደንቡና ስለ ሰዓቱ እንድንጠይቅ ያስተምረናል። ከአራቱ ጨዋታዎች አብልጬ የማመሰግነው ይህን ነው፤ እጄን ያልጠበቅሁትን ሥራ አሠርቶ አሳፍሮኛልና።

ይሁን እንጂ ትልቅ ጉድለት አለው። የተመለሰ ሰው ከሥዕሉ ጠርዝ ይወጣል፤ ጨዋታው አይከተለውም። ሰዓቱ የሚቆጥረው ለኬላው ነው፤ ከውጭ ለተሰለፈው አይቆጥርም። የእኛ ኑሮ የሚጀምረው ግን ያቺ ሴትዮ ከሥዕሉ ስትወጣ ነው። የት አደረች? ማን ቡና አፈላላት? ባሏ ከወዲያ ሆኖ ስንት ዓመት ጠበቀ? ጨዋታው ስለዚህ ዝም ይላል።

በሠልፉ ካሉት ሁሉ ልብስ ሰፊውን ያሣቀው ጆርጂ የተባለው ሰው ብቻ ነው። ጆርጂ በእጁ የሣለውን ፓስፖርት ይዞ ይመጣል፤ ሲመለስ አይቆጣም፤ ሌላ ቀን ፈገግ ብሎ እንደገና ይመጣል። በኋላ እንደሚታወቀው ጻድቅ ሰው አይደለም፤ የተከለከለ ዕቃ ያሻግራል። ቢሆንም ከሠልፈኞቹ መካከል ሙሉ ሰው ሆኖ የሚታየን እሱ ነው፤ ምክንያቱም ተመልሶ ይመጣል። ከሄደበት ኑሮ እንዳለው እናምናለን።

ስለዚህ አንድ ጨዋታ ገና አልተሠራም እንላለን። ያም የመጠበቅ ጨዋታ ነው። «ቁልፉን ስትጫነው የማይመልስ ጨዋታ ማን ይጫወተዋል?» አለች ተማሪዋ። እውነቷን ነው፤ ከባድ ሥራ ነው። ነገር ግን እኛ በምንጠብቅበት ዓመት ውስጥ ልብስ ተሰፍቷል፣ ልጅ ተድሯል፣ ፊደል ተቆጥሯል፣ ይህችም ገጽ በእጅ ተገልብጣለች። ከመስኮቱ መልስ ሲጠፋ ሰው ለሰው መልስ ይሰጣል። ይህን የሚያውቅ ከመካከላችን የወጣ ሠሪ ነው። የሉዋል ማየን እናት በ300 ዶላር የጀመረችውን ከእኛም አንዱ ሊቀጥለው ይችላል።

ከናይሮቢ ከመነሣቴ በፊት ጨዋታውን ከአንደኛው ቀን እንደገና ጀመርኩ። አምስተኛው ቀን ሲደርስ ሴትዮዋን አስገባኋት፤ ተቆረጠብኝ፤ ያን ማታ ማሞቂያ አልከፈልኩም። ጋሼ አይቶ ምንም አልተናገረም።

አንባቢ ሆይ፣ አንተስ ምን ትጫወታለህ? አንቺስ? ይህች ገጽ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ጀርባዋን ባዶ ትተንላችኋል። የምትስማሙም የማትስማሙም ጻፉበት። እኛም በሚቀጥለው ዕትም ሳንዘገይ እንመልሳለን።