ክራር ሲቃኝ

ክራር ደርዳሪ በጣቱ ፍጥነት ይደነቃል። እኔ ግን ጨዋታው ግማሽ በግማሽ ያለቀው ገና ሲቃኝ ነው እላለሁ። የክራር አውታር ከቀንበሩ እስከ ብርኩማው አየር ላይ የተወጠረ ነው። ጣት የሚጫንበት ጣውላ ስለሌለው አንዱ አውታር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሲቃኝ የሳተውን ሲደረድሩ ማቃናት አይቻልም።

የቻይናው ጉቺን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰባት አውታሮቹ በረጅም ጣውላ ላይ ተዘርግተዋል። ቀኝ እጅ ይመታል፤ ግራ እጅ ድምፁ ሊጠፋ ሲል አውታሩ ላይ እየተንሸራተተ ያባብለዋል። እዚያ ውበቱ ከምቱ በኋላ ይመጣል፤ እኛ ዘንድ ቀድሞ ይሰናዳል።

ከግማሽ ትዝታ ቅኝት ወደ አምባሰል ስሻገር አውታሮቹን ከወፍራሙ ድምፅ ጀምሬ እቆጥራለሁ። ሁለተኛውን ግማሽ ድምፅ አወርዳለሁ፣ ሦስተኛውን አንድ ሙሉ ድምፅ አወጣለሁ፤ ሌሎቹን አልነካም። ከዚያ አራተኛውን ግማሽ ባወርድ፣ አምስተኛውን ግማሽ ባወጣ ደግሞ አንቺሆዬ ይሆናል። በየእርምጃው የሚነኩት ሁለት አውታሮች ብቻ ናቸው፤ የሰሚው ሆድ ግን ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ስቃኝ አልቸኩልም። አውታሩን ወደ ልኩ የማመጣው ከታች ወደ ላይ እያጠበቅሁ ነው፤ ካለፈኝ አላልቼ እንደገና እጀምራለሁ፤ እየላላ የመጣ አውታር ጨዋታው መሀል ይከዳል።

አየሩም እጁን ያስገባል። ደሴ ላይ ጭጋግ ሲወርድ የክራሬ ገበቴ ቆዳ ይረግባል፤ ይህንኑ ክራር ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስወርድ ቆዳው ይወጠራል፣ ቅኝቱም ይዛነፋል። ጠዋት የቃኘሁትን ማታ አላምነውም።

እዚህ አካባቢ ደግሞ ሰሚው አይምርም። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ናቸው፤ ሁለት ቅኝቶች በስማቸው ይጠራሉ። ሰርግ ቤት ጥግ የተቀመጡ አዛውንት የድምፆቹን ስም ላይቆጥሩ ይችላሉ፤ ሁለተኛው አውታር ትንሽ ከፍ ካለ ግን ፊታቸው ይነግርሃል።

ተማሪ ሲመጣልኝ ዜማ ከማስተማሬ በፊት አውታሮቹን ሁሉ አላልቼ ክራሩን እሰጠዋለሁ። አብዛኛው ይሰለቻል። ስልክ ላይ ያለ መቃኛ ያቀልልሃል የሚሉኝም አሉ፤ አልከለክልም። ግን መሣሪያው ሳይነግረው በጆሮው የተዛነፈውን አውታር ለይቶ ካልያዘ፣ ጣቱ የቱንም ያህል ቢፈጥን ክራር ቻለ አልለውም።