የሌሊት ፎቶግራፍና ባለቤቱ

ፎቶግራፍን ስንሔስ ስለ ብርሃኑና ስለ ቅርጹ ብዙ እንላለን። ከተነሣ በኋላ በማን እጅ እንደ ገባ ግን አንጠይቅም። የባሕር ዳርቻ ከተሞችን መዝናኛና የሌሊት ጭፈራ በሚያሳዩ የመንገድ ፎቶግራፎች ላይ መቅደም ያለበት ይኸው ጥያቄ ነው እንላለን።

እንግሊዛዊው ማርቲን ፓር በሊቨርፑል አቅራቢያ በምትገኘው በኒው ብራይተን እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1985 ያነሣቸውን ፎቶግራፎች በ1986 በመጽሐፍ አወጣ። ርእሱ በእንግሊዝኛ «የመጨረሻው መዝናኛ» ተብሎም «የመጨረሻው አማራጭ» ተብሎም ይፈታል፤ የቋንቋ መምህራን ይወዱታል። ፎቶግራፎቹ የቀን ናቸው። ቢሆንም ፓር በቀን ብርሃን ፍላሽ እያበራ ስላነሣቸው የፈሰሰው አይስክሬምና የተጣለው ወረቀት ሁሉ ጎልቶ ያንጸባርቃል። በዚህም የተነሣ በሠርቶ አደሩ ላይ ተሳለቀ ተብሎ ተወቅሷል። ከእርሱ በኋላ ፖላንዳዊው ማቼይ ዳኮቪች በዌልስ የወደብ ከተማ በካርዲፍ የሳምንቱን መጨረሻ ሌሊቶች አንሥቶ በ2012 መጽሐፍ አሳተመ። የቀለሙ ድምቀትና የሰዎቹ አሰላለፍ የሚደነቅ ነው። ሆኖም ከአንዳንዱ ገጽ ላይ ዓይናችንን እናነሣለን፤ አስፋልት ላይ የተዘረጋ ሰካራም አንሣኝ ወይም ተወኝ ሊል አይችልምና።

የማሊው ማሊክ ሲዲቤ አሠራር ከዚህ ይለያል። በ1960ዎቹ በባማኮ ከአንዱ የወጣቶች ጭፈራ ወደ ሌላው በብስክሌት እየሄደ ያነሣ ነበር። ባማኮ ባሕር የላትም፤ ወጣቶቹ በኒጀር ወንዝ ዳር ሲዝናኑ ግን አንሥቷቸዋል። ከጭፈራ ሲመለስ ፊልሙን ያጥብና ትንንሽ ፎቶግራፎችን በካርቶን ላይ ለጥፎ በስቱዲዮው ያሳያል፤ ጨፋሪዎቹም መጥተው የየራሳቸውን መርጠው ይገዛሉ። በ1963 በገና ሌሊት ባነሣው ዝነኛ ፎቶግራፍ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣትና ጫማዋን ያወለቀች ልጃገረድ፣ ግንባራቸው ሊነካካ ጥቂት ሲቀረው፣ አቀርቅረው እግራቸውን እያዩ ይጨፍራሉ። እዚህ ላይ ይዘቱና ገበያው አንድ ናቸው፤ ፎቶግራፍ አንሺው ደንበኞቹን ቢያዋርድ በማግሥቱ የሚገዛው የለም።

በሞምባሳም በሊኮኒ መሻገሪያ አጠገብ በ1990ዎቹ የመንገድ ፎቶ አንሺዎች መርከብና አውሮፕላን በተሳለበት መጋረጃ ፊት ከመሀል አገር ለሥራ የመጣውን ሰው ያነሡ ነበር። እዚያም ፎቶግራፉ የባለቤቱ ነበር።

ይህን ወደ ኢስትሊ እናምጣው። ናይሮቢ ከባሕር ሩቅ ብትሆንም የኢስትሊ ሌሊት ሠርግ፣ ዘፈንና ምግብ ቤት አለው፤ ስልክ የያዘም ሁሉ ዛሬ ፎቶ አንሺ ነው። ልዩነቱ ሌላ ላይ ነው። በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. የኬንያ የጸጥታ ኃይሎች በዚህ ሠፈር ሰፊ አፈሳ አካሂደው ብዙ ሺህ ሰው ያዙ፤ ብዙዎቹም ለምርመራ ወደ ካሳራኒ ስታዲየም ተወሰዱ። ወረቀቱ ላልተስተካከለ ስደተኛ በሌላው ሰው ፎቶግራፍ ጀርባ መታየት የሚውልበትንና የሚያመሽበትን ቦታ ማስመዝገብ ነው። ፓር የተወቀሰው በክብር ጉዳይ ነበር፤ እዚህ ግን ጉዳዩ የመኖሪያ ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ በኢስትሊ ቆሞ «መንገድ የሁሉም ነው፣ የፈለግሁትን አነሣለሁ» የሚለውን ክርክር አንቀበለውም።

ለክፍል ሥራ የሚሆን አንድ ሐሳብ እናክል። ተማሪዎች ከስልካቸው አንድ የሌሊት ፎቶግራፍ መርጠው ያምጡ። ከጀርባ የቆመው አስተናጋጅ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ፎቶግራፉንም አይቶት እንደሆነ ይጠየቁ። ስለ ብርሃኑና ስለ ቅርጹ ከዚያ በኋላ መነጋገር ይቻላል።