ንባቡ የሌላ፣ ትርጓሜው የራስ፦ ከቪዲዮ ጨዋታ በተቀረጸ ምስል የሚሠራ ፊልም ከካርቲየ 2 ሲታይ

መግቢያ

የፊልም ሂስ መቼትን የሚመረምረው ሠሪው መርጦታል ከሚል እምነት ተነሥቶ ነው። ከተማው፣ መንገዱ፣ የግድግዳው ቀለም ሁሉ ጭብጡን ያገለግላሉ ተብሎ ይጠበቃል፤ ካላገለገሉ ጉድለቱ ለሠሪው ይቆጠራል። ከቪዲዮ ጨዋታ በተቀረጸ ምስል የሚሠራው፣ በተለምዶ «ማሺኒማ» የሚባለው ፊልም ግን ይህን መመዘኛ ያፋልሰዋል። እዚህ ላይ ፊልም ሠሪው ከተማውን አልሠራም፤ ልብሱን አልሰፋም፤ ሰዎቹ የሚራመዱበትን ስልት እንኳ አልወሰነም። ሁሉንም ከጨዋታው ተቀብሎታል። እንዲህ ላለው ሥራ «መቼቱ ከጭብጡ ጋር ይስማማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ድግምት የሚመስል ባዶ ጥያቄ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ይህ ዘርፍ በአማርኛ የሂስ ቋንቋ ሲመዘን ከልብ ወለድና ከተውኔት ይልቅ ለአንድምታ ትርጓሜ ይቀርባል የሚል ነው። በአንድምታ መምህሩ የግእዙን ንባብ አይለውጥም። ንባቡን ካለበት ያነባል፤ ከዚያ በአማርኛ ይተረጉማል፤ «አንድም» እያለ ሌላ ፍች ይጨምራል። የሙያው ልክ የሚታየው በተቀበለው ንባብና በሚሰጠው ፍች መካከል ባለው ርቀት ነው። ማሺኒማም እንዲሁ ነው፤ ምስሉ ንባብ፣ ቃሉ ትርጓሜ ነው። ይህን ለማሳየት የሚመረመረው ዋና ሥራ የአሌክስ ቻን «ዘ ፍሬንች ዴሞክራሲ» ሲሆን፣ የሚታይበትም ቦታ የጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 2 ነው። ሰፈሩ የተመረጠበት ምክንያት በሦስተኛው ክፍል ግልጽ ይሆናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተሰጥተዋል።

1. የተቀበሉት ምስል

ዘርፉ አዲስ አይደለም። በ1996 «ኩዌክ» የተባለውን የተኩስ ጨዋታ የሚጫወት አንድ ቡድን «ዳየሪ ኦፍ ኤ ካምፐር» የተሰኘ ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ሥራ አወጣ። ጨዋታው የተጫዋቾችን እንቅስቃሴ መዝግቦ መልሶ ያሳይ ነበር፤ ቡድኑ የተጠቀመው ይህንኑ ነው። ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት በድምፅ ሳይሆን በስክሪኑ ላይ በሚወጣ ጽሑፍ ነበር። በ2003 የተጀመረው «ሬድ ቨርስስ ብሉ» ደግሞ ከ«ሄሎ» ጨዋታ ተቀረጸ። የሄሎ ወታደሮች ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የራስ ቁር ያጠልቃሉ። አፋቸው ስለማይታይ ድምፅን ከከንፈር ጋር ማስማማት አላስፈለገም፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ለማመልከት ተጫዋቹ የገጸ ባሕርዩን ጭንቅላት ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ለመግደል ብቻ የተሠሩ አካላት ጠመንጃቸውን ይዘው ቆመው ሲያወጉና ሲነታረኩ ማየት የሥራው የሣቅ ምንጭ ሆነ።

ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች አንድ ሕግ ማውጣት ይቻላል። በማሺኒማ ውስጥ ሠሪው በሦስት ነገሮች ላይ ያለው ሥልጣን እኩል አይደለም። በምስሉ ላይ ምንም ያህል ሥልጣን የለውም፤ ሕንፃውና ገጹ የጨዋታው ኩባንያ ሥራ ነው። በእንቅስቃሴው ላይ ግማሽ ሥልጣን አለው፤ መዝለል ይችላል፣ ማልቀስ ግን የሚችለው ጨዋታው ከፈቀደለት ነው። በቃሉ ላይ ግን ሙሉ ሥልጣን አለው። ስለዚህ የዚህ ጥበብ ክብደት ያረፈው በምስሉ ሳይሆን በምልልሱና በትረካው ላይ ነው። ስለ ሥዕል ጥራት ብቻ የሚያወራ ሂስ ሠሪው ያልሠራውን ሲመዝን የሠራውን ያልፈዋል።

2. «ዘ ፍሬንች ዴሞክራሲ»

ጥቅምት 27 ቀን 2005 በፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው ክሊሺ ሱ ቧ ከፖሊስ የሸሹ ሦስት ወጣቶች የኤሌክትሪክ ማሰራጫ ጣቢያ ውስጥ ተደበቁ፤ ሁለቱ በኤሌክትሪክ ተይዘው ሞቱ። ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ ከተሞች ዳርቻ ለሳምንታት ሁከት ነደደ። ኅዳር 8 ቀን መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደነገገ። በዚያው ወር ከሆንግ ኮንግ ከመጡ ወላጆች የተወለደው ፈረንሳዊ አሌክስ ቻን «ዘ ሙቪስ» በተባለ ጨዋታ ተጠቅሞ ወደ 13 ደቂቃ የሚደርስ ፊልም ሠራ። ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም። ጨዋታው የፊልም ኩባንያ ማስተዳደርን የሚያስመስል ሲሆን፣ ተጫዋቹ ከተዘጋጁ ትዕይንቶች፣ አልባሳትና እንቅስቃሴዎች መርጦ ፊልም እንዲያቀናብር ያስችለዋል።

ፊልሙ በሁለቱ ወጣቶች ሞት ይጀምርና ከሞሮኮ ቤተሰብ የተወለዱ ሦስት ወጣቶችን ይከተላል። ከእነርሱ አንዱ መታወቂያ ባለመያዙ በፖሊስ ይዋረዳል፤ ሌላው በዘሩ ምክንያት ሥራ ያጣል። ትልሙ ቀላል ነው፤ የግፍ ክምችት ወደ እሳት እንዴት እንደሚደርስ ያሳያል። ነገር ግን በጨዋታው ውስጥ ፓሪስ የለችም። የኤሌክትሪክ ማሰራጫውን የሚተካው የእንጨት ጎጆ ነው። የፓሪስ ሜትሮ መሆን የሚገባው ባቡር የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ነው።

በተለመደው ሂስ ይህ ስንኩልነት ነው። በአንድምታ ዓይን ግን የፊልሙ ኃይል የሚፈልቀው ከዚሁ ነው። ተመልካቹ ጎጆውን ያያል፤ የሚነገረውም ማሰራጫ ጣቢያ ነው ይለዋል። በሚታየውና በሚባለው መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ተመልካቹም በራሱ አእምሮ ክፍተቱን ለመሙላት ይገደዳል። የሆሊዉድን ሕልም ለማስመሰል የተዘጋጀው የትዕይንት መጋዘን ውስጥ ለእነዚህ ወጣቶች ሰፈር የሚሆን ቦታ አልተገኘም፤ ፊልሙ ሳይናገር የሚናገረው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ቻን ክፍተቱን ለመሸፈን አልሞከረም፤ መሸፈንም አይችልም ነበር። ቢችል ኖሮ ፊልሙ ሌላ፣ ምናልባትም ደካማ ሥራ ይሆን ነበር።

3. «አንድም» ከካርቲየ 2

ፈረንሳይኛው «ካርቲየ» ሰፈር ማለት ነው። በዛሬይቱ ፈረንሳይ አነጋገር ቃሉ ብዙ ጊዜ የስደተኛ ልጆች የሚኖሩበትን የከተማ ዳር ድሃ ሰፈር ያመለክታል፤ የቻን ፊልም ስለ እነዚህ ካርቲየዎች ነው። በጅቡቲ ግን ቃሉ ቁጥር ተጨምሮበት የቦታ ስም ሆኗል። ከ1 እስከ 7 የተቆጠሩት ሰፈሮች የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር አውሮፓውያን ከሚኖሩበት ክፍል ለይቶ ለአገሬው ሰው የመደባቸው ናቸው። ለከተማው አንዱ ወገን ስም፣ ለሌላው ቁጥር ሰጠ። ካርቲየ 2 ዛሬም በዚያው ቁጥር ይጠራል፤ ነዋሪው ግን ቁጥሩን ስም አድርጎታል።

ከዚህ ሰፈር ለሚመለከት ሰው የመታወቂያው ትዕይንት ሁለት ብቻ ሳይሆን ሦስት ፍች አለው። ንባቡ የኒው ዮርክ መልክ ያለው መንገድ ላይ አንድ ወጣት በፖሊስ ሲያዝ ነው። ትርጓሜው በፓሪስ ዳርቻ ያለ ዕለታዊ ውርደት ነው ይላል። አንድም፣ ጅቡቲ ነው። ነሐሴ 1966 ጄኔራል ደ ጎል ጅቡቲን ሲጎበኙ የነጻነት ሰልፈኞች ተቀበሏቸው። ከዚያ በኋላ ፈረንሳይ ከተማዋን በእሾሃማ ሽቦ አጠረች፤ የሚገባውና የሚወጣው በፍተሻ ኬላ፣ በወረቀት ሆነ። ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሰው የሰፈረበት ባልባላ ዛሬ ሰፊ የከተማዋ ክፍል ነው።

ይህ ፍች በተመልካች ፈቃድ ከውጭ የተለጠፈ አይደለም። በኅዳር 2005 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ የተመሠረተው በአልጄሪያ ጦርነት ጊዜ በወጣው የሚያዝያ 1955 ሕግ ላይ ነው። ለቅኝ ግዛት ጦርነት የተረቀቀው ሕግ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በፓሪስ ዳርቻ ሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ የክሊሺውን መንገድ ከጅቡቲው ኬላ ጋር የሚያያይዝ ተመልካች ታሪኩ ራሱ የዘረጋውን መስመር ይከተላል። መቼቱ የሚታወቅ የፓሪስ መንገድ ቢሆን ኖሮ ይህ ፍች ይደክም ነበር። የየትም ያልሆነው የጨዋታው መንገድ ግን ለሦስተኛው «አንድም» ቦታ ለቀቀ።

4. በማን ቋንቋ?

ከላይ እንደተባለው ሠሪው ሙሉ ሥልጣን ያለው በቃሉ ላይ ከሆነ፣ ትልቁ የጥበብ ውሳኔ የቋንቋ ምርጫ ነው። ፊልሙ የሚፈተነውም እዚህ ነው። የቻን ገጸ ባሕርያት ሐሳባቸው የሚገለጸው በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ነው። ዓላማው የታወቀ ነው፤ የውጭ፣ በተለይም የአሜሪካ፣ መገናኛ ብዙኃን ሁከቱን ከሽብርና ከእስልምና ጋር ሲያያይዙ ስለተመለከተ ሊያርማቸው ፈለገ። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው። አንዳንድ ተቺ ይህን ጉድለት ይለው ይሆናል፤ እዚህ ግን ለሥራው ታማኝነት ምስክር ይሆናል፤ ሌላው ሁሉ ከፋብሪካ የወጣ በሆነበት ምስል ላይ የአንድ ሰው እጅ የሚታየው በዚያ ስብርባሪ ዓረፍተ ነገር ነውና።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ፊልሙ የሚናገርላቸው ወጣቶች በፊልሙ ውስጥ አድማጮች አይደሉም። ስለ እነርሱ ለሌላ ይነገራል። ቤት ውስጥ የሚነገረው የሞሮኮ ዐረብኛ፣ የሰፈሩ ፈረንሳይኛ፣ ቀልዱና ስድቡ ሁሉ በአንድ ዓይነት የማስረዳት ቃና ውስጥ ሰጥመዋል። ሦስቱ ወጣቶች በኑሮ ቢለያዩም በአነጋገር አይለያዩም። የአንድምታ መምህር ለግእዙ ንባብ አማርኛ የሚሰጠው በፊቱ ለተቀመጠው ደቀ መዝሙር ነው፤ ቻን ግን ትርጓሜውን የሰጠው በሩቅ ላለ ዳኛ ነው። ስለዚህ ሥራው እንደ አቤቱታ ጠንካራ፣ እንደ ምልልስ ደካማ ነው።

በሌላ ቋንቋ ምስል ላይ የራስን ቃል መጫን ለአፍሪካ ተመልካች እንግዳ አይደለም። በካምፓላ «ቪጄ» የሚባሉት ተራኪዎች የውጭ ፊልሞችን በሉጋንዳ እያብራሩና እያፌዙ ያቀርባሉ። በአዲስ አበባ ቃና ቴሌቪዥን በ2016 የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር በአገር ውስጥ ባለሙያዎች ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ነገር ግን ድምፅ መተካት ያንኑ ታሪክ ያሻግራል፤ ማሺኒማ ምስሉን ወስዶ ሌላ ታሪክ ያኖርበታል።

ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ በ2024 የቀረበው «ግራንድ ቴፍት ሐምሌት» ነው። በ2021 መጀመሪያ በእንግሊዝ ትያትር ቤቶች በወረርሽኙ ተዘግተው ሳሉ ሁለት ተዋንያን ሐምሌትን «ግራንድ ቴፍት ኦቶ ኦንላይን» ውስጥ ለማዘጋጀት ተነሡ፤ ሳም ክሬንና ፒኒ ግሪልስም ሂደቱን ፊልም አደረጉት። ልምምዱ በማያውቋቸው ተጫዋቾች ተኩስ ይቋረጣል። አራት መቶ ዓመት ያለፈው ቃል ለዘረፋ በተሠራ ከተማ ውስጥ ሲነገር የሞት ጥያቄው አዲስ ክብደት ያገኛል። ሐምሌት በጸጋዬ ገብረ መድኅን ብዕር ወደ አማርኛ ተመልሷል። ያ አማርኛ በዚያ ከተማ ቢነገር ንባቡ ሁለት ጊዜ የባዕድ፣ ትርጓሜው ግን የራስ ይሆን ነበር።

ካርቲየ 2 ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ በአንድ መንገድ ላይ የሚሰሙበት ሰፈር ነው። ሰፈሩን የሚመስል የጨዋታ ከተማ የለም ብሎ ማዘን ይቻላል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ በ«ኩኩሉ» እንዳሳየው የራስን ጨዋታ መሥራትም ይቻላል። ነገር ግን ይህ በራሱ መልስ አይሆንም። በሎስ አንጀለስ አምሳያ መንገድ ላይ አንዱ በሶማሊኛ ጠይቆ ሌላው በአማርኛ ሲመልስለት የሚሰማበት ፊልም፣ ግድግዳው በትክክል ከተሣለ ዲዳ ከተማ ይልቅ ካርቲየ 2ን ያሳያል።

5. የንጽጽሩ ወሰንና የሚጠፋው ንባብ

ንጽጽሩ ወሰን አለው። አንድምታ ለሚተረጉመው ንባብ ይሰግዳል፤ ማሺኒማ አይሰግድም፣ ብዙ ጊዜም ይሣለቃል። የግእዙ ንባብ ባለቤት ነኝ ብሎ የሚከስ ኩባንያም የለም፤ የጨዋታው ምስል ግን የንግድ ንብረት ነው። ማይክሮሶፍት በ2007 ባወጣው ደንብ ለትርፍ ያልሆነ ሥራን ፈቅዷል፤ ፈቃድ ግን ሊነሣ የሚችል ነገር ነው።

ዋናው ልዩነት በዕድሜ ነው። የግእዙ ንባብ ብራና ላይ ጸንቶ ሲቆይ፣ ትርጓሜው ለረዥም ዘመን በቃል ተላለፈ። በማሺኒማ ንባቡ ራሱ ይጠፋል። የ«ዘ ሙቪስ» ተጫዋቾች ሥራቸውን የሚያቀርቡበት ድረ ገጽ በ2008 ተዘጋ፤ ጨዋታውን የሠራው ላየንሄድ በ2016 ፈረሰ። በዘርፉ ስም የተጠራው «ማሺኒማ» የተባለው ድርጅት በጥር 2019 በዩቲዩብ የነበሩትን ቪዲዮዎች በሙሉ ከሕዝብ እይታ አነሣ፤ የብዙ ሰዎች የዓመታት ሥራ በአንድ ቀን ተሰወረ። የቻን ፊልም ዛሬ የሚታየው ሌሎች ቀድተው ስላስቀመጡት ነው።

ከዚህ ለአፍሪካ ቋንቋዎች ጥናት ክፍሎች አንድ ግዴታ ይወለዳል። በፕሌይስቴሽን ቤትና በስልክ ላይ ወጣቶች በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ በጨዋታ ምስል ላይ የሚናገሩት ቃል የቴክኖሎጂ ጉዳይ ነው ተብሎ ለሌላ ክፍል የሚተው አይደለም። የቃል ሥነ ጥበብ ነው፤ እንደ ተረትና እንደ ቃል ግጥም ሊሰበሰብ፣ ሊጻፍ፣ ሊመዘን ይገባዋል። ምስሉን ለማቆየት መብቱም ዐቅሙም ላይኖረን ይችላል። ቃሉ ግን የእኛ ነው፤ መጀመሪያ መመዝገብ ያለበትም እርሱ ነው።