ሃይድሮጅን በቤት ውስጥ፦ ቪዲዮው ልክ እዚያ ጋ ለምን ያቆማል?

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት የተቀረጹ እርሳሶች። ከእርሳሶቹ ጫፍ ጥቃቅን አረፋዎች ይነሳሉ፣ ጋዙ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ክብሪት ሲጠጋው «ጧ!» ይላል። ከዚያ ሙዚቃው ከፍ ይልና «ነፃ ነዳጅ ከቤትዎ!» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። አለቀ።

እውነቱን ለመናገር እኔም እነዚህን ቪዲዮዎች እወዳቸዋለሁ። ውሃ ከሁለት ጋዞች የተሠራ መሆኑን በዓይን ማየት ደስ ይላል። ቅሬታዬ የሚያቆሙበት ቦታ ላይ ነው። ሃይድሮጅን ማምረት እኮ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ማስቀመጡ ነው፤ ቪዲዮው ግን ልክ እዚያ ሲደርስ ያበቃል።

«ነፃ» ሲባል?

እስቲ አብረን እናስላ። ውሃ ውስጥ በተነከሩ ሁለት ዘንጎች መካከል 1 አምፒር ኤሌክትሪክ ለአንድ ሰዓት ሙሉ ብናሳልፍ የምናገኘው ሃይድሮጅን 0.46 ሊትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። የአንድ ሊትር ቤንዚንን ያህል ኃይል ለማግኘት ደግሞ ወደ 3,000 ሊትር የሃይድሮጅን ጋዝ ያስፈልጋል። አካፍሉት፦ ከ6,500 ሰዓት በላይ፣ ማለትም ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ዘጠኝ ወር ገደማ። ለአንድ ሊትር!

ያውም ከምንከፍልበት ኤሌክትሪክ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ሃይድሮጅን እዚህ ላይ የኃይል ምንጭ ሳይሆን የኃይል መያዣ ነው። የሰጠነውን ቀንሶ ይመልስልናል እንጂ አይጨምርልንም።

ይህን መርሳት ዋጋ ያስከፍላል። አሜሪካዊው ስታንሊ ሜየር መኪናዬ በውሃ ይሄዳል ብሎ ከሰዎች ገንዘብ ሰበሰበ። ሁለት ባለገንዘቦች ከሰሱት። ባለሙያዎች መሣሪያውን ሲመረምሩት ያገኙት ያንኑ የምናውቀውን ኤሌክትሮሊሲስ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ግዛት ያለ ፍርድ ቤት ድርጊቱን ማጭበርበር ብሎ ገንዘቡን እንዲመልስ ወሰነበት።

ሃይላንዱ ውስጥ ምን አለ?

በብዙዎቹ ቪዲዮዎች ከሁለቱም እርሳሶች የሚወጣው ጋዝ የሚጠራቀመው አንድ ላይ ነው። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን፣ ለመቃጠል በሚስማማቸው መጠን ተመጥነው፣ አንድ ዕቃ ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ይሄ ፈንጂ ማስቀመጥ እንጂ ነዳጅ ማስቀመጥ አይባልም።

ንጹሕ ሃይድሮጅን ብቻ ቢሆንስ? አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ድርሻ ከያዘ ይቀጣጠላል። ለመለኮስ 0.02 ሚሊጁል ገደማ ይበቃዋል፤ ሹራብ ስታወልቁ ጣታችሁን ቆንጠጥ የሚያደርጋችሁ ብልጭታ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል።

አንዳንዶቹ ውሃው ላይ የገበታ ጨው ጨምሩበት ይላሉ። ያኔ በአንደኛው እርሳስ በኩል ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለእኔ ጥፋት ነው።

«በቡታ ጋዝ ሲሊንደር ብናስቀምጠውስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። የማብሰያ ጋዝ መጠነኛ ግፊት ሲያርፍበት ፈሳሽ ይሆናል፤ ሲሊንደሩን ስትነቀንቁት ውስጡ የሚንቦጫረቀው እሱ ነው። ሃይድሮጅን ግን ከ240 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ዜሮ ካልቀዘቀዘ የፈለጋችሁትን ያህል ብትጨምቁት ፈሳሽ አይሆንም። ስለዚህ ምርጫው ወይ እጅግ ማቀዝቀዝ ወይ እጅግ መጭመቅ ነው። ቶዮታ ሚራይ የተባለችው መኪና 5 ኪሎ ገደማ ሃይድሮጅን ለመያዝ በካርቦን ፋይበር የተጠቀለሉ፣ 700 ባር የሚችሉ ታንኮች ትጠቀማለች። የመኪና ጎማ እኮ 2 ባር ገደማ ነው! ብረትም ቢሆን ሃይድሮጅን ሲሰርግበት ጥንካሬው ሊከዳውና ሊሰነጠቅ ይችላል።

እኔ ራሴ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ በሃይድሮጅን የሞላነውን ትንሽ ፊኛ ጣሪያ ነክቶ ትተነው ሄድን። በማግስቱ ወለል ላይ ተልፈስፍሶ አገኘነው። ማንም አልነካውም፤ ጋዙ በፊኛው ላስቲክ በኩል ሾልኮ ነው የሄደው። መምህራችን ተቆጡን፤ ልክ ነበሩ። የሾለከው ጋዝ የት እንደሚጠራቀም አላሰብንማ።

ታዲያ አትሞክሩ ማለቴ ነው? አይደለም። ከመምህር ጋር፣ መነጽር አድርጋችሁ፣ ሁለቱን ጋዞች ለየብቻ፣ ከአንዲት የሙከራ ቱቦ በማይበልጥ መጠን ሞክሩት። «ጧ» ካለ በኋላ የሚቀመጥ ነገር አይኑር።

ቀጣዩን ቪዲዮ ስታዩ ግን ሙዚቃው ከፍ ሲል አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ «እሺ፣ ጋዙን የት አስቀመጠው?»