ቍልቍለቱና ጸሓፊዎቹ፤ በይፋት ጐዳና ላይ ስለ ተጻፉና ስላልተጻፉ ገጾች

በሞተር ብስክሌት ተቀምጦ በተራራ ጠመዝማዛ መንገድ አንድ ቀን መዋልን የሚተርክ ጽሕፈት በውጭ አገር ቋንቋዎች እጅግ በዝቷል። መልኩም ባብዛኛው አንድ ነው። ሰውዬው ማለዳ ይነሣል፤ ሞተሩን ያስነሣል፤ ጉም ይገጥመዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጠመዝማዛውን አንድ በአንድ እየቈጠረ፣ ገደሉን እያደነቀ፣ ስለ መኪናው ኃይል እያወራ ይውላል፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ ማደሪያው ይመለሳል፤ ጽሕፈቱም በዚያው ያልቃል። ይህን የመሰለውን ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ መጣል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትክክል አይሆንም። ጐዳናና መጽሐፍ ከጥንት ጀምሮ ተለያይተው አያውቁምና። በግብረ ሐዋርያት የተነገረለት የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ በሠረገላው ሆኖ ያነብ ነበር፤ ፊልጶስም ቀርቦ የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ነው። ይኸው ጥያቄ ለመንገድ ጸሓፊ ደግሞ ይገባል። የሚያልፍበትን አገር ያስተውላልን?

ለዚህ ምርመራ ከይፋት ቍልቍለት የሚሻል ስፍራ በቀላሉ አይገኝም። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይቆማል። ከዚያም ጣልያኖች በወረራው ዘመን የቈፈሩትን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናንና አርማንያን እያለ በሮቢ ወንዝ አጠገብ ወዳለችው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ሁሉ መውረድ የሚፈጸመው ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ መንገድ ነው። ላይ ገብስና ባቄላ፣ ጭላዳና ጋቢ፤ ታች ማሽላና ማሾ፣ ማንጐና ሽንኵርት። በመካከሉ ደግሞ የወፍ ዋሻ ደን ከነጽዱና ከነዝግባው በገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል።

እንግዲህ የሞተር ጸሓፊው አንድ እውነተኛ ብልጫ እዚህ ላይ ነው። አየሩ በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለዋወጥ፣ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው በአንድ ማለዳ ወደ ዐሥራ አንድ ዲግሪ የሚያህል ሙቀት ይጨመርለታል። የአውቶቡስ ተሳፋሪ ይህን የሚያውቀው ካፖርቱን ሲያወልቅ ነው፤ ባለ ሞተሩ ግን በጣቶቹና በጕልበቱ፣ በየመታጠፊያው ያውቀዋል። ሞተሩም እንደ ሰው ነው። በ3000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር ቤንዚኑ ይበዛበትና ይታፈናል፤ ወደ ቈላ በወረደ መጠን ትንፋሹ ይመለስለታል። በፍሬን ብቻ ቍልቍለቱን ልውረድ የሚል ሰው ፍሬኑ ግሎ እንቢ ይለዋል፤ ስለዚህ ማርሽ እየቀነሰ ሞተሩ ራሱን እንዲይዝ ማድረግ ግድ ይሆንበታል። እነዚህን ነገሮች በትክክል የሚጽፍ ሰው ስለ አገሩ አቀማመጥ ከብዙ የጂኦግራፊ መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል። ነቀፋው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሰውነቱ የተሰማውን በሚገባ የጻፈው ይኸው ሰው ደብረ ሲና ሲደርስ በየመኪናው መስኮት ቆሎ የሚሸጡትን ሴቶች ለፎቶግራፍ ጌጥ ብቻ ያያቸዋል። ገብሱ ከወዴት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ቈላው፣ አንዱ ስፍር ስንት እንደሚያወጣ መጠየቅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ለመታጠፊያው የተሰጠው አድናቆት ግን ሦስት ገጽ ይፈጃል።

የዚህ ጕድለት ምክንያት ፍጥነት ነው የሚሉ አሉ። የይፋት መጻሕፍት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ያሳያሉ። ስለዚሁ ዳገት የሚናገሩ ሁለት የእንግሊዝ መጻሕፍት በአንድ ዓመት፣ በ1844 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በሎንዶን ታትመዋል። አንደኛው በ1841 ከቦምባይ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተልኮ የመጣው የካፒቴን ኮርንዎሊስ ሃሪስ ሥራ ሲሆን ሦስት ክፍል ያለው ነው። ሁለተኛው የሐኪሙ የቻርልስ ጆንስተን ነው፤ እርሱም ሁለት ክፍል አለው። ሁለቱም ከታጁራ ተነሥተው በአፋር በረሓ አልፈው በይፋት በኩል ወጡ። ሁለቱም በግመልና በበቅሎ የሄዱ ስለ ሆነ በፍጥነት አይለያዩም።

ዳሩ ግን መጻሕፍቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሃሪስ ተራራ ሲያይ ቃላቱ ይጥለቀለቁበታል። አንዱን ጭጋግ በሦስት ቅጽል ጠቅልሎ፣ አንዱን ገደል በአራት ምሳሌ አስጊጦ ያቀርበዋል፤ አንባቢም ገጹን ሲጨርስ የካፒቴኑን ችሎታ እንጂ የአልዩ አምባን ዳገት አላየም። ግመል ከፋሬ በላይ መውጣት ስለማይሆንለት የመልእክተኞቹን ብዙ ጓዝ ወደ ደጋው ያወጡት የይፋት ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመው ነው። በዚያ ጌጠኛ ቋንቋ ውስጥ እነዚህ ሰዎች እንደ ብዙ ሕዝብ እንጂ እንደ አንድ አንድ ሰው አይታዩም። መልእክተኛው ለንጉሡ ያመጣው ስጦታና የራሱ ክብር ዐይኑን ሳይከልሉት አልቀሩም።

ጆንስተን ግን ብዙ ጓዝ አልነበረውም፤ በዚያም ላይ ንዳድ ያዘው። ታሞም በአልዩ አምባ ቤት ይዞ ተቀመጠ። የመጽሐፉ ዋጋ ከዚህ መቀመጥ የመጣ ነው። ቤቱ እንዴት እንደ ተሠራ፣ ገበያው እንዴት እንደሚውል፣ ሰው ምን እንደሚበላና እንደሚጠጣ፣ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንዲት አምባ እንዴት እንደሚኗኗሩ የሚነግረን እርሱ ነው። ቋንቋው ደረቅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ያሰለቻል፤ ፍርዱ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ የዘመኑም ትዕቢት አልቀረበትም። ነገር ግን ስለ ይፋት ሰዎች አኗኗር ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ሃሪስን ትቶ ጆንስተንን ይከፍታል። እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው የእግር ፍጥነት ሳይሆን ሰው ቤት መግባት ነው።

ከእነርሱ በኋላ አርባ ዓመት አልፎ በዚሁ መንገድ የወጣ ሌላ ሰው አለ፤ ፈረንሳዊው አርቱር ሬምቦ። ቅኔውን ገና በወጣትነቱ ትቶ ነጋዴ ሆኖ ነበር፤ በየካቲት 1887 በአውሮፓ አቆጣጠር ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ አንኮበር ገባ። በዚያው ዓመት በነሐሴ በካይሮ ጋዜጣ ያሳተመው ደብዳቤ የመንገዱን ነገር ይተርካል። አንድም ጌጥ የለበትም፤ ርቀትና ዋጋ፣ በረሓና ዕዳ ብቻ ነው። የቅኔ ሰው ወርቁን ጥሎ ሰሙን ብቻ ይዞ የቀረ ይመስላል። ዳሩ ግን ከሃሪስ ሦስት ክፍል ይልቅ በዚህ ደረቅ ደብዳቤ ውስጥ የበረሓው ድካም ይሰማል። የሬምቦ ጕድለት ሌላ ነው። መንገዱ ለእርሱ የኪሳራ መዝገብ ስለ ነበረ፣ ያገኘው ሰው ሁሉ ወይ ገዢ ወይ ባለ ዕዳ ሆኖ ይታየዋል።

ወደ ሞተር ብስክሌት ሲመለሱ፣ በዚህ ዐይነት ጽሕፈት ከተጻፈው ሁሉ የሚበልጠው ገጽ የእንግሊዛዊው የቶማስ ሎሬንስ ነው። በዐረብ ጦርነት ዝናው የወጣው ይህ ሰው ስሙን ለውጦ በአየር ኃይል ውስጥ ተራ ወታደር ሆኖ ሲያገለግል የጻፈው መጽሐፍ በ1955 በአውሮፓ አቆጣጠር ከሞተ በኋላ ታትሟል። ሞተሮቹን ቦአኔርጌስ እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ይኸውም ጌታችን ለዘብዴዎስ ልጆች ያወጣላቸው፣ ትርጓሜውም የነጐድጓድ ልጆች የሆነው ስም ነው። ወልደ ነጐድጓድ የሚለውን ቅጽል ለወንጌላዊው ዮሐንስ የሚጠብቁ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስሙ ለብረት ሲሰጥ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ስያሜው ከነድምፁ መስማማቱን ግን መካድ አይቻልም። ሎሬንስ በዚያ ምዕራፍ ከአንድ አውሮፕላን ጋር ስለ መሽቀዳደሙ ይጽፋል። ብዙ አንባቢዎች የሚያስታውሱት ይህን ሽቅድምድም ነው። የምዕራፉ ትልቅነት ግን በመጨረሻው ላይ ነው፤ ፈረሰኛው ገበያ ገብቶ ለሠፈር ጓደኞቹ የሚበላ ነገር ገዝቶ በሞተሩ ጭኖ ይመለሳል። ያ ሁሉ ጩኸትና ነፋስ ቋሊማና ዕንቍላል ሆኖ ይገባል። ጸሓፊው ይህን ሲተርክ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ስለዚህም እንታመነዋለን ያሰኛል። ሎሬንስ በግንቦት 1927 ዓ.ም. በሞተር ወድቆ መሞቱ ለገጹ ሌላ ጥላ ጨምሮለታል፤ ጥላው ባይኖርም ግን ገጹ በራሱ ይቆማል።

በቅርብ ዘመን የወጡት መጻሕፍት ይለያያሉ። ቴድ ሳይመን በ1973 በአውሮፓ አቆጣጠር በትራያምፍ ሞተር ተነሥቶ አራት ዓመት ዓለምን ዞረ፤ በ1979 ያወጣው መጽሐፍ አፍሪካን ሲያቋርጥ ኢትዮጵያን ደግሞ ያነሣል። ብቻውን ስለ ሄደና ሞተሩም ስለሚበላሽበት ከሰው ጋር መነጋገር ግዴታ ሆነበት፤ መጽሐፉንም ያዳነው ብልሽቱ ነው ማለት ይቻላል። በ2007 ሁለት የእንግሊዝ ተዋንያን ከስኮትላንድ እስከ ደቡብ አፍሪካ በኢትዮጵያ በኩል ሲወርዱ ግን የፊልም ሠሪና የመኪና አጀብ ተከትሏቸው ነበር። ይህም የሃሪስን ጓዝ ያስታውሳል።

ለይፋት ሰው ይህ ሁሉ የጽሕፈት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ መታጠፊያ ብቻ አድርጎ የሚያልፈው ስፍራ ታሪክ አለውና። የንጉሠ ነገሥት ዓምደ ጽዮን የግዕዝ ዜና መዋዕል በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ከይፋት ገዢ ጋር የተደረገውን ጦርነት ይተርካል። በሃያ አንደኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ የፈረንሳይ ሊቃውንት አስባሪን፣ መሳልንና ኖራን ከመሰሉት ፍርስራሾች የይፋት እስላሞች የድንጋይ ከተሞችና መስጊዶች የነበሩበትን መርምረው አሳውቀዋል። ከዚያም ወዲህ ያለው አልራቀም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ዘለቀ፤ ብዙ ሰውም ይህንኑ ዳገት በእግሩ ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ። ልጅ አዝሎ የወጣ ሰው ጠመዝማዛውን የሚቈጥረው በሌላ ቍጥር ነው። ከዚህ በኋላ በዚያ የሚያልፍ ጸሓፊ በየመታጠፊያው ያዝን ዘንድ አይፈረድበትም፤ ደስታ ነውር አይደለም፤ ሸዋ ሮቢትንም ሐዘን ብቻ ያለባት አድርጎ መጻፍ ሌላ ሐሰት ይሆናል። የሚፈረድበት ሳይጠይቅ ያለፈ እንደ ሆነ ነው።

በአማርኛ የመንገድ ጽሕፈት ጥሩ አባቶች አሉት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ባወጡት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ያዩትን ለአገራቸው ሰው እንዲጠቅም አድርገው በትጋት መዝግበዋል፤ ጥቅሙን መፈለጋቸው አንዳንድ ገጽ ላይ ደስታውን ቢያሳንሰውም። ከዚያ በፊት አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 በአውሮፓ አቆጣጠር በሮማ ያሳተሙት የመንገደኛ መምሪያ በፈረንሳይኛና በአማርኛ ጐን ለጐን የተጻፈ የጥያቄና መልስ መጽሐፍ ነው። ደራሲው በአገሩ አገዛዝ ላይ ያላቸው ምሬት በብዙ ስፍራ ሚዛኑን አስቷቸዋል። ለመንገድ ጽሕፈት ግን አንድ ትልቅ ነገር አድርገዋል፤ መንገደኛው ብቻውን አይናገርም፤ ያገሩም ሰው ይመልስለታል፤ አንዳንድ ጊዜም የተጠየቀው ከጠያቂው የበለጠ ያውቃል። የሞተሩ ዘመን ጽሕፈት ይህን መልስ ሰጪ አጥቶታል።

የሚገርመው ደግሞ በይፋት የጓሮ መንገዶች ላይ በሞተር የሚመላለሰው የውጭ አገር እንግዳ ሳይሆን ያገሩ ሰው መሆኑ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ቀበሌዎቹ የሚወጣው የግብርና ባለሙያ፣ ክትባት በበረዶ ሣጥን የያዘው የጤና ሠራተኛ፣ ገበያተኛና በሽተኛ ከኋላው አፈናጥጦ ኮረኮንቹን የሚወርደው ወጣት፣ እነዚህ ሁሉ መንገዱን በክረምትና በበጋ ያውቁታል። ወንዙ መቼ እንደሚሞላ፣ የትኛው መታጠፊያ ጠጠር እንዳለበት፣ ነፍሰ ጡር የያዘ ሰው በየት በኩል ቢወርድ እንደማይንገጫገጭ የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። አገሬው ተሽከርካሪውን በአጭሩ «ሞተር» ይለዋል፤ ስለ ፈረስ ኃይሉም ብዙ አያወራም፤ መለዋወጫው ተገኘ ወይስ አልተገኘም እንጂ።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ አንዲት የሥራ ቀኑን ብቻ እንዳለች ቢጽፋት፣ የሎሬንስ ገጽ ጓደኛ የምትሆን ታሪክ ትገኝ ነበር። እስካሁን ግን የመንግሥት ሞተር የሚነዳው ሰው የሚጽፈው የነዳጅ ቅጹን ነው፤ በእርሱም ላይ ቀኑን፣ የቀበሌውን ስም፣ ሲነሣና ሲመለስ የነበረውን የኪሎ ሜትር ቍጥር አስፍሮ ይፈርማል።